ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የሐበሻ ጥድ፦ የአንድ ንጉሥ ሕይወት በዛፍ ዕድሜ ሚዛን

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡትን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት በአጭሩ ይተርካል፤ ከስማቸው ጋር የተያያዘውን የመናገሻ ጥድ ደን ወግም ከዛፉ ሥነ ሕይወት አንጻር ይመረምራል። ወጉ ንጉሡ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ እንዳስተከሉ ይናገራል። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሦስት ነጥቦችን ነው። አንደኛ፣ ወጉ ከንጉሡ የኑሮ ስፍራም ሆነ ከጥዱ ባሕርይ ጋር አይጋጭም። ሁለተኛ፣ የደኑ መኖር ብቻውን ለወጉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ ጥድ ብርሃን ፈላጊ ዛፍ በመሆኑ በጥበቃ ብቻ ትውልዱን አይተካም። የመጨረሻው ነጥብ ለጎጃም ደጋ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የሚጓዝ ሰው ከታረሰው ማሳና ከባሕር ዛፉ ተርታ መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ደን ካየ፣ ከደኑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይጠይቅ ያውቃል። በእነዚህ ደኖች ውስጥ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይገኛሉ። የዛፎቹ ዕድሜ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ በቁጥር አይሰጥም፤ በንጉሥ ወይም በቅዱስ ስም ነው። ዛፉ በእገሌ ዘመነ መንግሥት እንደ ተተከለ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ሲመሠረት እንደ ነበረ ይነገራል። ለአገራችን ታሪክ ተመራማሪ ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም፤ ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን ሊፈተን የሚገባው መላ ምት ነው።

በዚህ ዓይነት ከሚነገሩት ወጎች እጅግ የታወቀው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የመናገሻ ደን ወግ ነው። ወጉን ለመመዘን ሁለት ሕይወቶችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፦ የንጉሡንና የዛፉን።

አስቀድሞ ስለ ስም አንድ ነገር መባል አለበት። በዓለም ላይ በረጅም ዕድሜያቸው የታወቁት ኮኒፈሮች፣ ማለትም እንደ መርፌ የቀጠነ ወይም እንደ ቅርፊት የተደራረበ ቅጠል ያላቸው ዛፎች፣ በአብዛኛው የፓይንና የጥድ ወገኖች ናቸው። እውነተኛ ፓይን በተፈጥሮ የሚበቅለው በሰሜን አፍሪካ እንጂ በኢትዮጵያ አይደለም፤ በአገራችን የሚታየው ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው። የደጋችን ነባር ኮኒፈሮች የሐበሻ ጥድና ዝግባ ናቸው። የሐበሻ ጥድ ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ረጅም ማለት ነው። በአትክልት ቦታዎችና በመንገድ ዳር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ከእርሱ የተለየ ዝርያ ነው።

2. ከጥልቅ እስከ አክሱም

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 በፈጠጋር አውራጃ ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ነበሩ። በዘመኑ ሥርዐት መሠረት የነገሥታት ልጆች የዙፋን ጠብ እንዳያስነሡ በግሸን አምባ ይጠበቁ ስለ ነበር፣ የወጣትነት ዘመናቸውን ከዓለም ተለይተው በዚያ አሳለፉ። ይህ ዘመን በኋለኛው ሕይወታቸው ላይ ሁለት አሻራ እንደ ተወ መገመት ይቻላል፦ የመጻሕፍት ዕውቀትና የማያቋርጥ ጥርጣሬ።

በ1434 ከአምባው ወርደው ሲነግሡ ዕድሜያቸው ወደ 35 ተጠግቶ ነበር። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ጥቂት ዓመታት ነገሥታት በፍጥነት የተፈራረቁባቸው ስለ ነበሩ የተረከቡት መንግሥት የጸና አልነበረም። በ1436 ወደ አክሱም ሄደው በጥንቱ ሥርዐት ዘውድ ጫኑ፤ የመንግሥት ስማቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ። ዘውዱን በአክሱም መጫናቸው ሥልጣናቸውን ከጥንቱ ታሪክ ጋር ለማስተሳሰር የታሰበ ሥራ ነበር፤ በዘመናቸው ሁሉ የሚታየውም ይኸው ሥርዐትን የማጽናት ፍላጎት ነው።

3. የሃይማኖት ሥርዐትና የመንግሥት ክንድ

የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው። ከኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ጋር ለረጅም ጊዜ ያከራከረው የቀዳሚት ሰንበት ጉዳይ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ በዕርቅ ተፈጸመ። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ አዘዙ። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድን የመሳሰሉ ድርሳናት በስማቸው ይታወቃሉ። የግሸን ማርያም ግማደ መስቀል ትውፊትም ከዘመናቸው ጋር የተያያዘ ነው።

በመንግሥት አስተዳደር በኩል የአውራጃ ገዢዎችን ነፃነት ቀንሰው ሹመቱን ወደ ዙፋኑ ሰበሰቡ፤ ለተወሰነ ጊዜም ሴቶች ልጆቻቸውን በየአውራጃው ላይ ሾሙ። በ1445 የአዳልን ሱልጣን አሕመድ በድላይን በጎሚት ድል አደረጉ። በ1450 ወደ አራጎን ንጉሥ አልፎንሶ መልእክተኞችን ልከው የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን ጠየቁ።

የዚህ ሥርዐት ሌላው ገጽ ጽኑ ቅጣት ነበር። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል ስግደትን ያልተቀበሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ተሰደዱ፣ ተገረፉ፣ ተገደሉም። ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት ታመልካላችሁ ተብለው የተከሰሱ ብዙዎች ተቀጡ፤ ክሱ የንጉሡን የገዛ ልጆች ሳይቀር አገኘ። የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ተብላ ከደረሰባት ድብደባ የተነሣ ሞተች። ስለዚህ ንጉሡ የደን አባት ተብለው ሲወደሱ፣ ትእዛዛቸው በምን ዓይነት ኃይል ይፈጸም እንደ ነበር አብሮ መታሰብ አለበት። በዚያ ዘመን ዛፍ እንዳይቈረጥ የወጣ ዐዋጅ ቢኖር ተራ ምክር ሆኖ የሚታለፍ አልነበረም።

4. ደብረ ብርሃንና የወፍ ዋሻ ዘር

ከዘርዐ ያዕቆብ በፊት የነበሩት ነገሥታት በአብዛኛው ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። የንጉሡ ሰፈር በድንኳን ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ያለበት እንዲህ ያለ ሰፈር ባረፈበት ሁሉ ለማገዶና ለሥራ እንጨት ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው ያለው ዛፍ ሲያልቅ መነሣቱ አይቀርም። ሰፈሩ ቋሚ ከተማ ሲሆን ግን የእንጨቱ ጥያቄ በመነሣት አይፈታም።

በ1450ዎቹ አጋማሽ፣ ከደቂቀ እስጢፋኖስ ወገን የሆኑ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ምልክቱን በበጎ ተርጕመው ስፍራውን ደብረ ብርሃን አሉት፤ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥትም አሠሩበት። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ከ10 ዓመት በላይ፣ በአብዛኛው በዚያ ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ብርድ የጸናበት ሜዳ ነው። የወፍ ዋሻ ደን የሚገኘው ደግሞ ከዚያው ደጋ በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ላይ ነው።

ወጉ የሚለው ንጉሡ የአገሩ መራቆት አሳስቧቸው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጡ፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በወጨጫ ተራራ ላይም አስተከሉ ነው። ይህ የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ወጉ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ሆኖም አንድ ውስጣዊ ተገቢነት አለው። በደብረ ብርሃን የተቀመጠ ንጉሥ የጥድ ዘር ቢፈልግ ቅርቡና ትልቁ ምንጭ ወፍ ዋሻ ነው። ወጉን ያስተላለፉት ሰዎች ከብዙ ደኖች መካከል ይህን መጥራታቸው ከንጉሡ የኑሮ ስፍራ ጋር ይስማማል። መስማማት ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ዛፉ መመለስ ግድ ነው።

5. ጥድ ለምን ረጅም ዘመን ይኖራል?

ስለ ዛፍ ዕድሜ ዛሬ ካለን ዕውቀት ብዙው የመጣው በካሊፎርኒያ ዋይት ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚበቅለው ብሪስልኮን ፓይን ነው። ኤድመንድ ሹልማን የተባለው የዛፍ ቀለበት ተመራማሪ በ1957 ናሙና የወሰደበት ማቱሳላ የተባለው ዛፍ ዛሬ ዕድሜው ከ4,800 ዓመት በላይ ነው። ሹልማን ያስተዋለው ዋና ነገር ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዛፎች የተመቻቸ ኑሮ ያላቸው አለመሆናቸውን ነው። እጅግ ያረጁት በደረቅ፣ በቀዝቃዛና በደኸየ አፈር ላይ የቆሙት ናቸው። በዚያ ዛፉ በዝግታ ያድጋል፤ ቀለበቶቹ ይጠባሉ፤ እንጨቱ ይጠብቃል፤ ሙጫው በነፍሳትና በሻጋታ ላይ ጋሻ ይሆናል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ሥር በቀጥታ ከበላዩ ያለውን የግንድ ክፍል ስለሚመግብ፣ አንዱ ክፍል ሲሞት ሌላው በቀጭን የቅርፊት መስመር ይኖራል።

ከእንስሳት ጋር ሲነጻጸር የዛፍ እርጅና የተለየ ነው። በቅርፊትና በእንጨት መካከል ያለው የሚከፋፈለው ሕብረ ሕዋስ በየዓመቱ አዲስ እንጨት ያበጃል፤ የግንዱ መካከል ግን አስቀድሞ የሞተ ነው። ስለዚህ በአምስት መቶ ዓመት ዛፍ ላይ ያለው ሕያው ክፍል በአብዛኛው የቅርብ ዓመታት ሥራ ነው። በብሪስልኮን ፓይን ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ይህ ሕብረ ሕዋስ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ እንደሚደክም የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። ዛፉን የሚገድለው ዘወትር ከውጭ የሚመጣ ነው፦ መጥረቢያ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ድርቅ ወይም ሻጋታ።

የሐበሻ ጥድ በዚህ ሚዛን መካከለኛ ስፍራ አለው። እንደ ብሪስልኮን በበረዶ ጫፍ ላይ የቆመ አይደለም፤ በጥድ ወገኖች መካከል ግን ቁመቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ በተመቸው ስፍራ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። የግንዱ ቀይ ልብ ምስጥንና መበስበስን ስለሚቋቋም ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ማገር፣ ለአጥር ችካልም ሲመረጥ ኖሯል። እንዲህም ሆኖ ጠላት አለው፤ በቆመው ዛፍ ላይ የግንዱን ልብ የሚያበሰብስ ሻጋታ ብዙ ያረጁ ጥዶችን ክፍት አድርጓቸዋል። ወንዴና ሴቴ አበባ በአብዛኛው በተለያዩ ዛፎች ላይ ይገኛል። ሴቴዋ የምታፈራውን ሰማያዊ ጠቆር ያለ ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ያዛምታሉ።

ለያዝነው ጉዳይ ወሳኙ ባሕርይ ግን ብርሃን ፈላጊነቱ ነው። የጥድ ችግኝ በእናቱ ጥላ ሥር እምብዛም አይጸናም። በተቃጠለ፣ በተራቆተ ወይም ታርሶ በተተወ መሬት ላይ ቀድሞ ይበቅላል፤ ጊዜ ሲያልፍ በሥሩ ጥላ የሚችሉት ዝግባና ሌሎች ዛፎች ይተካሉ። ስለዚህ አንድ ሰፊ ስፍራ በትልልቅ ጥዶች ተሸፍኖ ከተገኘ፣ ያ ስፍራ በአንድ ወቅት ገላጣ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል።

6. ወጉን እንዴት መመርመር ይቻላል?

ከዚህ የሚከተለው አስገራሚ ነው። የመናገሻ የጥድ ብዛት መሬቱ ቀድሞ ተራቁቶ ነበር ከሚለው የወጉ ክፍል ጋር ይስማማል። ያው ማስረጃ ግን ዛፎቹ በሰው እጅ መተከላቸውን አያረጋግጥም፤ ሰው ለቅቆት የሄደውን መሬት ጥድ በወፎች አማካይነት ራሱ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የዕድገት ቀለበት ቆጠራ ነው። በቀጭን መሰርሰሪያ ዛፉን ሳይጎዱ ናሙና መውሰድ ይቻላል። በአገራችን ግን ቀለበትና ዓመት ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። በልግና ክረምት ሁለቱም በሚዘንቡበት አካባቢ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል፤ በክፉ ድርቅም ቀለበት ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ቆጠራው በራዲዮካርቦን መፈተሽ አለበት። ሁለተኛው የዕድሜ ስብጥር ነው። በአንድ ዘመን የተተከለ ደን ዕድሜያቸው የተቀራረበ ዛፎችን ያሳያል፤ ቀስ በቀስ የተስፋፋ ደን ደግሞ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን። ሦስተኛው የዘር ንጽጽር ነው። ዘሩ በእርግጥ ከወፍ ዋሻ ከመጣ፣ የመናገሻ ጥድ በአቅራቢያው ካሉት ሌሎች የጥድ ደኖች ይልቅ ለሩቁ ወፍ ዋሻ ሊቀርብ ይገባል።

አንድ ጥንቃቄም አለ። ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እስከ ዛሬ ከ550 ዓመት በላይ ሆኗል። በመናገሻ ስላሉት ያረጁ ዛፎች ዘወትር የሚነገረው ዕድሜ ከ400 ዓመት በላይ ነው የሚል ነው። ይህ ትክክል ቢሆን እንኳ ዛሬ የሚታዩት ጥዶች ንጉሡ ያስተከሏቸው ራሳቸው ሳይሆኑ የእነርሱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ወጉን አያፈርሰውም፤ ጥያቄውን ግን ይለውጠዋል። ንጉሡ 34 ዓመት ነገሡ፤ በነገሡበት ዓመት የበቀለ ጥድ እርሳቸው ሲሞቱ ገና ጎልማሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ላለው ዘመን ሁሉ ደኑን ያቆየው ሌላ እጅ ነው።

7. ከንግሥት እሌኒ እስከ ጎጃም ደኖች

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 በደብረ ብርሃን ዐረፉ፤ ልጃቸው በእደ ማርያምም ነገሡ። የዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ዛሬ በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ ይታመናል፤ ደሴቲቱም በደን የተሸፈነች ናት። መናገሻቸው ደብረ ብርሃን ከእርሳቸው በኋላ የነገሥታት ቋሚ መቀመጫ ሆና አልቀጠለችም። የቋሚ ከተማ ሐሳብ ከባለቤቱ ጋር አለፈ።

ከቤተሰባቸው ለጎጃም የቀረበውን ሥራ የሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ከሐድያ ገዢዎች ቤት መጥተው የዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የሆኑት እሌኒ ከባላቸው ሞት በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በቤተ መንግሥቱ ታላቅ ተሰሚነት ነበራቸው፤ በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመንም መንግሥቱን ካስተዳደሩት አንዷ ነበሩ። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሳነጹ እርሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጦርነት ተቃጠለ፤ በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ገና ታነጸ፤ ሕንጻው ከአንድ ጊዜ በላይ ቢፈርስም ስፍራው ግን ቅድስናውን አላጣም።

የጎጃም ደኖች ያረጁት በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ንጉሥ ዐዋጅ አልተጠበቁም፤ ነገሥታት ሲፈራረቁ ባልተቋረጠ ልማድ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዛፍ አይቈረጥም በሚለው ፍርሃትና አክብሮት ተጠብቀዋል። ከሥነ ሕይወቱ አንጻር ሲታይ ግን ይህ ጥበቃ ግማሽ ሥራ ነው። መጥረቢያን ይከለክላል፤ ከብትን ሁልጊዜ አይከለክልም። በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተደረጉ ጥናቶች ከብት የተከለከለበት ስፍራ ብዙ ችግኝ እንደሚያበቅል አሳይተዋል። ለጥድ ደግሞ ከብት መከልከሉም ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃን ይሻል። ጥቅጥቅ ባለ ቅጽር ውስጥ ያለ ያረጀ ጥድ ሲወድቅ በቦታው የሚያድገው ብዙውን ጊዜ ጥድ አይደለም። ከቅጽሩ ውጭ ያለው ብርሃን የሞላበት መሬት ደግሞ በማሳና በባሕር ዛፍ ተይዟል። ስለዚህ ዛፎቹ ሳይነኩ፣ በሙሉ ክብር፣ ጥዱ ከደኑ ሊጠፋ ይችላል።

ለጎጃም ተመራማሪዎች ሌላም ዕድል አለ። የአካባቢው ዝናብ በአብዛኛው በአንድ ክረምት የሚጠቃለልና ረጅም በጋ የሚከተለው ስለሆነ፣ የጥድ ቀለበት ከዓመቱ ጋር የመግጠሙ ተስፋ ሁለት ዝናብ ካለበት አካባቢ የተሻለ ነው። ከሕያው ዛፍ የሚወሰደው ናሙና ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከወረደ ምሰሶና ማገር ጋር ቢገጣጠም፣ የዓባይ ተፋሰስን የዝናብና የድርቅ ታሪክ መሣሪያ ከተተከለበት ዘመን በፊት ለማንበብ ያስችላል። ለዚህም ቤተ ክርስቲያን በሚታደስበት ጊዜ የሚወርደው እንጨት ለማገዶ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት። የካህናቱን ፈቃድና ትብብር ማግኘትም የጥናቱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

8. መደምደሚያ

የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻ ወግ ከንጉሡ ታሪክና ከጥድ ባሕርይ ጋር የሚስማማ፣ በቀለበት ቆጠራ፣ በዕድሜ ስብጥርና በዘር ንጽጽር ሊፈተን የሚችል መላ ምት ነው። ውጤቱ ምንም ቢሆን፣ ወጉ በውስጡ የያዘው አንድ ትክክለኛ ዕውቀት አለ፦ በወጉ ውስጥ ንጉሡ የሚመሰገኑት ያለውን ደን በመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ዘር አስመጥተው በተራቆተ መሬት ላይ በማስተከላቸው ነው። የጥድ ሥነ ሕይወት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። በጎጃም ደጋ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ያሉት ጥዶች ልማዱ እስካለ ድረስ ገና ብዙ ዘመን ሊቆሙ ይችላሉ። ተተኪ እንዲኖራቸው ግን ዘራቸው ተለቅሞ፣ ከቅጽሩ ዳርና ከቅጽሩ ውጭ ብርሃን ባለበት፣ ከብት በማይደርስበት መሬት መተከል አለበት። ዛሬ የሚተከል ችግኝ እንደ መናገሻዎቹ ያረጀ ጥድ የሚሆነው ከ400 ዓመት በኋላ ነው፤ የየቅጽሩ ያረጁ ጥዶች ቆጠራና የዘር ለቀማው ሥራም እናት ዛፎቹ ገና ፍሬ በሚሰጡበት በዚህ ጊዜ መጀመር ይኖርበታል።